ወንበራቸውን የሚጎትቱት አባት

ስለ መንፈስ ሲወራ መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እናቴ «ኧረ አፍሽን ያዢ!» እያለች ስንቴ ተቆጥታኛለች መሰላችሁ፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግባት አንድ ክፍል ቤት አለችኝ፣ በዚያ ሙቀት ላፕቶፑ ራሱ እያላበው ስሠራ የምፈራው የመብራት መጥፋትን ብቻ ነበር፣ እመኑኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጌታሁን የሚባል፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን የአቦቦ ገበሬ መጣ። የአባቱ የጋሽ ወልዴ ሙት ዓመት በማግስቱ ስለሆነ ድንኳን ውስጥ የሚታይ ቪዲዮ ከፎቶዎቻቸው እንድሠራለት ነው። ሰላምታ እንኳን አያውቅ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ «ይቺን ፎቶ መጨረሻ ላይ አድርጊያት» አለኝ። ፎቶው ላይ ሽማግሌው አባቱ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጌታሁን በቀኝ በኩል ቆሞ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳርፏል፣ በግራ በኩል ደግሞ ምትኩ የሚባለው ታናሽየው አለ። እንዲህ ያለ ጠበብ ያለ ፎቶ ሰፊው የቪዲዮ ፍሬም ላይ ሲቀመጥ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

«ጥቁሩን አልፈልግም፣ አሳድጊውና ስክሪኑን ይሙላ። ስታሳድጊው ያንን ከፍሬሙ አስወጪልኝ» አለ፣ ምትኩን በጣቱ እየጠቆመ።

«ወንድምህ አይደል እንዴ?»

«አባቴ አሳደገው እንጂ አልወለደውም! ነገ የውርሱን ነገር የሚያዩት ሽማግሌዎች ፊት ከአባቴ ጎን ከታየ መሬት አካፍለኝ ሊል ነው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ!»

ደሜ ፈላ፣ ግን እንጀራዬ ነው ብዬ ዋጥኩት። ፎቶውን አሳደግኩ፣ ወደ ግራ ገፋሁት፣ ምትኩ ወጣ። ወዲያው ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ክርርር፣ ሲሚንቶ ላይ። ዞር ስል ጌታሁን በሩ ጋ ቆሟል፣ ቤቷ ውስጥ ያለችው ወንበር ደግሞ እኔ የተቀመጥኩባት ብቻ ነች። ወደ ስክሪኑ ስመለስ ሽማግሌው መሃል የሉም፣ ግራ ጠርዝ ላይ ሄደው ፊታቸው ለሁለት ተቆርጧል።

አብዝቼ ገፍቼው ይሆናል ብዬ ትንሽ ወደ ቀኝ መለስኩት። ክርርር! አሁንማ የሚታየው ጉልበታቸውና ከዘራቸው ብቻ ሆነ፣ የጌታሁን እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ደንግጬ ፎቶውን በሙሉ መጠኑ ሳስቀምጠው፣ ጥቁሩ ግራና ቀኝ ሲመጣ፣ ሦስቱም አሉ፣ ሽማግሌው መሃል ቁጭ ብለዋል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ!

«ምንድን ነው የምትሠሪው? ምትኩ ነው አይደል የላከሽ?» ጌታሁን ጮኸብኝ።

«እንካ፣ ራስህ ሞክረው!» ብዬ ማውሱን ሰጠሁት። አሳደገው። ክርርር። ሰምቷል፣ እምላለሁ ሰምቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አባቱ ጨርሰው ወጥተው ፍሬሙ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ግትርነቱ ግን አይጣል ነው፣ «ይሁን! እኔ ብቻ ልታይ!» ብሎ በዚያው አስጨረሰኝ።

በማግስቱ ቪዲዮውን የማጫውተው እኔ ስለሆንኩ አቦቦ ሄድኩ፣ ምነው እግሬን በሰበረው። ምትኩን ጌታሁን እንዳይገባ ስለከለከለው አጥሩ ጋ ውጪ ቆሟል። ያ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ ሲል አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው «አንተ ጌታሁን፣ አባትህስ? እጅህን ምን ላይ ነው ያሳረፍከው?» አሉ። «አጥፊው!» ብሎ አንባረቀ፣ አጠፋሁት።

ከጠፋ በኋላ ወንበሩ ተጎተተ። መሬቱ አፈር ነው እኮ፣ ድምፁ ግን የሲሚንቶ! አሁን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ድንኳኑ በሙሉ ዞረ፣ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው ግን አልነበረም፣ ድምፁ በሰዉ መሃል ቀስ እያለ አልፎ አጥሩ ጋ ሲደርስ ምትኩ ፊት ቆመ። ምትኩ ጎንበስ አለና፣ ምንም በሌለበት፣ ጉልበት ሳመ።

ሽማግሌዎቹ የመሬቱን ነገር ሳያነሱ ተበተኑ፣ ጌታሁንም እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ጠንቋይ እያለ ይሰድበኛል። ምትኩን ግን የዚያኑ ዕለት ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ አግኝቼው ምን እንዳየ ጠየቅሁት።

«ምንም አላየሁም» አለኝ ከንፈሩን እየዳበሰ፣ «ጉልበታቸው ግን በጣም ቀዝቅዟል።»