የመምሬ ታፈረ ፈቃድ

«ቆዪኝ እንጂ ማሬ፣ ልቤ ጠፋ እኮ» አለች ብርቱካን ከኋላ።

ማሬ አልቆየቻትም። ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወደ ቀዬአቸው የሚወስደውን ዳገት ትሮጠው ጀመር። በሌላው ቀን ሁለቱ ጓደኛሞች ይህን መንገድ እየተሳሳቁ አንድ ሰዓት ይፈጁበታል። ዛሬ ግን አምስተኛ ክፍል ሲለቀቅ መምህራቸው በሩ ላይ ቆመው የተናገሩት ነገር ለእግሯ ክንፍ አብቅሎለታል። ከጎንደር የዓይን ሐኪሞች መጥተው ገበያው ዳር ድንኳን ተክለዋል። ዓይኑን ጸጉር የሚወጋው ሰው ከመጣላቸው የዓይኑን ቆብ በጥቂቱ ቀደው፣ ጸጉሩን ወደ ውጭ መልሰው ይሰፉለታል። ገንዘብ አይቀበሉም። የሚቆዩት ግን እስከ ነገ ብቻ ነው፤ ዓርብ ማለዳ ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዳሉ።

የማሬን እናት ተዋበችን ዓይኗን ጸጉር መውጋት ከጀመራት አምስት ዓመት አልፏል። ማሬ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ቅዳሜ ቅዳሜ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ወደ ውስጥ የዞረውን ጸጉር አንድ በአንድ በወረንጦ ትነቅላለች። የተነቀለው ግን በሳምንቱ እንደ እሾህ ጠንክሮ ይመለሳል። አሁን አሁን በቀኝ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ጥሎባታል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የገዛ እህቷን ሳታውቃት አልፋት ሄዳ «ምን አድርጌሽ ተቀየምሽኝ?» ተብላለች። ተዋበች በዚህ ሁሉ አታማርርም። ጎህ ሳይቀድ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወርዳ ትጠመቃለች፣ ዓይኗን ታስረጫለች፣ ሲነጋ ተመልሳ ሥራዋን ትይዛለች።

ማሬ ቤት ስትደርስ እናቷ ብርሃን እንዳይመታት ጓዳ ቁጭ ብላ፣ ምስሩን በመዳፏ እየዳበሰች ጠጠሩን ትለቅም ነበር። አባቷ ደምሌ ከአውድማ ገብቶ ውሃ እየጠጣ ነው። ማሬ ወሬውን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

ደምሌ ቅሉን አስቀመጠ። «ሰማሽ ተዋበች? ጎንደር ድረስ በቃሬዛ ልወስድሽ ሳስብ የነበርኩት፣ ጎንደር ራሱ መጣልሽ።»

«በምላጭ ነው?» አለች ተዋበች።

«በምላጭ ነው እማዬ፤ ግን ያደነዝዙታል። መምህራችን ነግረውናል።»

ተዋበች ምስሩን ወደ ጎን አደረገችው። «የሁለት ሱባዔ ጸበል ይዤ፣ አራት ቀን ሲቀረኝ አቋርጬ ዓይኔን ለምላጭ ልስጥ? የነፍስ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ አልሄድም።»

«እኔ ብፈቅድልሽስ?» አለ ደምሌ።

«አንተ ባሌ ነህ እንጂ የነፍስ አባቴ አይደለህም።»

ደምሌ ሳቁ አመለጠው። «እንግዲያ ማሬ፣ ሩጪና መምሬ ታፈረን ጠይቂ። ፀሐይ ሳትገባ ተመለሽ።»

ማሬ እንደገና ሮጠች። የመምሬ ታፈረ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ባለቤታቸው ከደጅ የተሰጣ ገብስ ይሰበስቡ ነበር።

«መምሬማ የሉም ልጄ» አሏት። «ድጓ ያስተማሯቸው መምህር በጠና ታመዋል ቢሏቸው ትናንት ቤተ ልሔም ወርደዋል። የሚመለሱት እሑድ ነው።»

ቤተ ልሔም የሚባለው ደብር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ማሬ አጥሩ ሥር መጥታ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ብርቱካን ደርሳባት የሆነውን ስትሰማ ጥቂት አሰበችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ፈቅደዋል በያት» አለቻት።

«በመምሬ ስም?»

«ቢኖሩ ይከለክሏት ነበር? ባለፈው በጋ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ደብረ ታቦር ሄደው አይደል እንዴ ያስነቀሉት? ሞኝ አትሁኚ። እሑድ የሚሉትን ነገር ዛሬ ብትነግሪያት ምንድን ነው ውሸቱ?»

ማሬ ቤቷ እስክትደርስ አሰበችበት። የእናቷ ቀኝ ዓይን ላይ ያለው ነጭ ነገር ግራውንም ሲሸፍነው ታያት። ደጃፉ ላይ ተዋበች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«አገኘሻቸው?»

«አገኘኋቸው። ፈቅደዋል።»

ተዋበች «ምን አሉ? ቃላቸውን ንገሪኝ» አለች።

ማሬ ይህን አልጠበቀችም። «‹እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ሂጂ› አሉ።»

ተዋበች ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። «‹እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ሂጂ› አሉኝ» እያለች ደጋገመችው። ቤቱ ሁሉ የሠርግ ዋዜማ መሰለ። ደምሌ ነገ ሊወቃለት የሚመጣው የጎረቤት ወንፈል ባይኖር አብሯቸው እንደሚወርድ ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ ተዋበች የክት ቀሚሷን ከሳጥኑ አወጣች። ሁሉም ሲስቅ ማሬም ሳቀች።

በማግስቱ ማለዳ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። የታኅሣሥ ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። ተዋበች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ፣ በመንገድ ያገኘችውን ሁሉ በድምፁ እየለየች ሰላም ትላለች። «ዓይኔን ልታከም ነው» ትላለች። «መምሬ ታፈረ ባርከው ልከውኛል።» ይህን በተናገረች ቁጥር ማሬ እጇን ትንሽ ላላ ታደርጋለች።

ገበያው ዳር ሲደርሱ ነጩ ድንኳን ፊት ለፊታቸው ተወጥሯል። ከእነሱ ቀድመው ከስማዳና ከእስቴ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ የተጓዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። በቃሬዛ የመጡ አሉ፣ በልጅ ልጃቸው በበትር የሚመሩ አሉ። አንዱ ከድንኳኑ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ሲወጣ፣ የቆመው ሁሉ «እንዴት ነበር? አመመህ?» እያለ ይከበዋል። ማሬ የሠርግ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ ግርግር አላየችም።

ጨው ነጋዴዋ ወይዘሮ ሀዋ አንድ ዓይናቸው ታስሮ ወጡ። ተዋበችን ከዱሮ ጀምሮ ያውቋታል።

«አብሽሪ ተዋቡ» አሏት። «መርፌዋን ብቻ ቻያት። ከዚያ በኋላ እኔ አላህዬን እየጠራሁ ነበር፣ ሳላውቀው ጨረሱ።»

«እርሱ ይማርዎ እህቴ» አለች ተዋበች።

ሰልፉ እያጠረ መጣ። ሦስት ሰው ቀራቸው፤ ሁለት ቀራቸው። የድንኳኑ መጋረጃ ሲገለጥ የአልኮል ሽታ አፍንጫቸውን ይመታል። ተዋበች የማሬን እጅ ጨበጥ አደረገች።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች በሹክሹክታ። «መምሬ ‹ሂጂ› ባይሉኝ ኖሮ እግሬ ይህን ደጃፍ አያልፍም ነበር። አሁን ግን መስቀላቸውን ይዘው ከጎኔ የቆሙ ያህል ነው የሚሰማኝ።»

ማሬ ድንኳኑን አየች። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀራቸው። ዝም ብትል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ያልቃል። ግን እናቷ ከጎኗ የቆሙ የመሰሏት ሰው የሉም። እናቷ ወደ ምላጩ የምትገባው በሌለ ሰው ላይ ተደግፋ ነው።

«እማዬ፣ መምሬን አላገኘኋቸውም።»

«ምን አልሽ?»

«ቤተ ልሔም ናቸው። የነገርኩሽን ቃል ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

ተዋበች እጇን ለቀቀች። ተራ አስከባሪው «ቀጣይ» ብሎ ተጣራ። ተዋበች ከሰልፉ ወጥታ፣ በእጇ አየሩን እየዳበሰች አንድ ድንጋይ አገኘችና ተቀመጠችበት። ከኋላ የነበረችው ሴት በቦታዋ ገባች። ከዚያ ሌላ ሰው ገባ፣ ከዚያም ሌላ። ማሬ ልትቀርባት ፈርታ ራቅ ብላ ቆመች። እንባዋ እየወረደ ነው፤ ደግሞም «ምነው አንዲት ደቂቃ በታገሥኩ ኖሮ» የሚል ነገር ያንገበግባታል።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት እናቷ።

ማሬ ሄዳ እግሯ ሥር ተቀመጠች።

«በመምሬ ስም መዋሸትሽ ልክ አይደለም። እሱን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ የማታውቂውን ልንገርሽ። ትናንት ወደ እሳቸው ስልክሽ ‹የሉም› ብለሽ ብትመለሺልኝ ስመኝ ነበር።» ተዋበች የነጠላዋን ጫፍ ጠምዘዝ አደረገች። «ሱባዔ አልኩኝ፣ ፈቃድ አልኩኝ። ጸበሉ መች ከለከለኝ? ምላጩን ፈርቼ ነው። አባትሽ እንዳይስቅብኝ ፍርሃቴን በመምሬ ከለልኩት።»

ማሬ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ትፈራለች ብላ በሕይወቷ አስባ አታውቅም።

«እንግዲያ እንመለስ?» አለቻት።

ተዋበች ተነሥታ ወደ ምሥራቅ ዞረች። ሦስት ጊዜ አማተበችና፣ ማሬ እስክትሰማት ድረስ ድምፅ አውጥታ ተናገረች። «እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ ዛሬ የማቀርበው አማላጅ ሰው የለኝም። ፈርቻለሁ። እየፈራሁ ልገባ ነው። ያንቺው ልጅ ነኝና እጄን ያዢኝ።»

ከዚያም እጇን ለማሬ ዘረጋች። «ሰልፉ መጨረሻው የት ነው? ውሰጂኝ።»

መጨረሻው ሩቅ ነበር። ፀሐይ አናታቸውን አልፋ ማዘንበል ጀመረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ከድንኳኑ ወጥቶ ሰማዩን አየ፤ ብርሃን እስካለ ብቻ እንደሚሠራ ለተሰለፈው ሁሉ ተናገረ። ማሬ ፊታቸው ያሉትን ትቆጥራለች፣ ጥላዋን ታያለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጋረጃው ለእነሱ ተገለጠ። ከኋላቸው የቀረው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድካም ዓይኑን አቅልቶታል። የተዋበችን ዓይን በትንሽ ባትሪ አየና «እናቴ፣ የጠፋውን ብርሃን አልመልስልዎትም» አላት። «የቀረውን ግን በእግዚአብሔር ኃይል አተርፍልዎታለሁ። ዛሬ ቀኙን እሠራለሁ፤ ግራውን ከፋሲካ በኋላ ስንመለስ።» ወደ ማሬ ዞረ። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም» አለች ማሬ። እውነቷን ነበር።

«እንግዲያ ራሳቸውን ያዢልኝ።»

ማሬ የእናቷን ራስ በሁለት እጇ ያዘች። መርፌው ሲገባ ተዋበች ትንፋሿን ዋጠች እንጂ አልጮኸችም። ከዚያ በጣቶቿ አንጓ እየቆጠረች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመረች። ምላጩ ሲያልፍ ማሬ አላየችም፤ የእናቷን ከንፈር ብቻ ነበር የምታየው። ከንፈሯ አንድም ጊዜ አላቆመም። ሐኪሙ የመጨረሻውን ክር ሲቆርጥ፣ ተዋበች ገና ሦስተኛውን ዙር እየቆጠረች ነበር።

«ጨረስን» አላት።

«ጨረሱ እንዴ?» አለችና እዚያው ተኝታ ሳቀች። ሐኪሙም ሳቀ።

ሲወጡ ደምሌ ጭዱን ከጸጉሩ ሳያራግፍ ከአውድማው ሮጦ መጥቶ ድንኳኑ ደጃፍ ቆሟል። ስላመሹበት ከልቡ ደንግጦ ነበር፤ የታሰረውን ዓይን ባየ ጊዜ ግን ሚስቱን ሰው ፊት አቀፋት። ይህን ሲያደርግ ማሬ አይታው አታውቅም። ዳገቱን ሦስቱም አብረው ወጡ፤ ተዋበች መሐል ሆና ስለ መርፌው፣ ስለ ሀዋ፣ ስለ ሐኪሙ ለስላሳ እጅ ሳታቋርጥ ታወራ ነበር። ስለ መምሬ ግን አላነሣችም።

ቅዳሜ ዕለት ንፋስ መውጫ የቀረው ቁስል አጣቢ ድሬሰር ጨርቁን ፈታላት። ቆዳው አብጧል፣ ስፌቱ ጠቁሮ ይታያል። ተዋበች ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እንደገና ጨፈነች። እንደ ልማዷ እስኪወጋት ጠበቀች። አልወጋትም። አሁንም ገለጠች፤ አልወጋትም። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ዓይኗን ታርገበግብ ጀመር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ማሬና ብርቱካን ደጅ ተቀምጠው ለሰኞ የተሰጣቸውን የሒሳብ ጥያቄ ይሠሩ ነበር። ከቁልቁለቱ ወገን አንድ በቅሎ ሲወጣ ታየ። መምሬ ታፈረ ናቸው፤ ፊታቸውን አቧራ አልብሶታል።

ተዋበች ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸው። «መጡ» አለች። «እኔ ልንገራቸው ወይስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ማሬ።

ብርቱካን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «እናትሽ ዳነች፤ ሁሉም አልፏል። ዝም ብትይ ማንም አይጠይቅሽም እኮ።»

ማሬ ደብተሯን ዘግታ ነጠላዋን አስተካከለች። በቅሎው ሳያልፍ ቁልቁል ወርዳ መንገዱ መሐል ቆመች። መምሬ ታፈረ ልጓሙን ሳብ አድርገው መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ማሬ ግንባሯንና ከንፈሯን አስነክታ ተሳለመች፤ ከመንገዱ ላይ ግን አልተነሣችም።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደላችሁም?»

«ደህና ነን መምሬ። ግን ከበቅሎው ወርደው ትንሽ ይቀመጡልኝ» አለች። «የምነግርዎ ነገር ረዘም ያለ ነው።»