የማይጠየቅ አምስት መቶ ብር

ባሌን ያወቅሁት በመልስ ምክንያት ነው። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ መጥተን እሱም እኔም ስንወርድ፣ ረዳቱ የሁለታችንን መልስ በአንድ የሃምሳ ብር ኖት ጠቅልሎ ለሱ ሰጠውና «ተካፈሉ!» ብሎን ሄደ። ሰውየው ጭቃ በነካው እጁ ብሩን፣ በሌላው እጁ ትንሽ ችግኝ ይዞ ቆመ።

«እ... ዝርዝር ፈልጌ ልምጣ?» አለኝ።

«ብሩን ስጠኝ፣ እኔ ልዘርዝረው!»

«አላመንሽኝም?»

«አላውቅህማ!»

ሳቀ። ብሩን ሰጠኝና ችግኙን አቅፎ ተከተለኝ። ሶፍት ገዝቼ ዘረዘርኩና ድርሻውን ቆጥሬ ሰጠሁት። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። ሳይቆጥር የሚቀበል ሰው ጤነኛ አይመስለኝም፤ እዚያው ጠረጠርኩት። እዚያው ወደድኩትም።

ስሙ ለታ ነው። ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውስጥ ችግኝ ያፈላል። እኔ ሰምሀል እባላለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ነጠላ እሸጣለሁ። እሺ እስክለው ድረስ ስምንት ወር ለምኖኛል። ምን ላድርግ? አባቴ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንደወጣ ቀረ፤ ያን ዕለት እናቴ እጅ ላይ የዳቦ መግዣ እንኳ አልነበረም። ያንን አይቼ ያደግሁ ነኝና ሰው ማመን ይከብደኛል።

በተጋባን በዓመቱ በቤት ወጪ ተጣላን።

«በደብተር እንያዘው» አልኩ። «በእጄ ያልጻፍኩትን አላምንም።»

«በስልክ ይሻላል እንጂ! ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ይቀንሳል።»

«እሺ፣ በፖስታ እንከፋፍለው? የአስቤዛ፣ የቤት ኪራይ፣ የመብራት...»

«አንዱ ፖስታ ከሌላው ሲበደር ሊውል ነው?»

በመጨረሻ ውድድር ገባን። ሦስት ወር ሙሉ እሱ ከእጁ የወጣውን በስልኩ፣ እኔ ከእጄ የወጣውን በደብተሬ እንመዘግባለን። ወር ሲያልቅ የማን ሒሳብ ከቀረው ብር ጋር እንደሚገጥም እናያለን። ያሸነፈው የቤቱ ደንብ ይሆናል።

የመጀመሪያው ወር የሱ አምስት መቶ ብር ጎደለ።

«ረስቼ... ማለቴ፣ ሳልመዘግብ ቀርቼ ይሆናል» አለና ዓይኑን ሰበረ።

ሁለተኛውም ወር አምስት መቶ። ሰው ሲረሳ አንዴ ሰባ፣ አንዴ ሦስት መቶ ይረሳል እንጂ በየወሩ ድፍን አምስት መቶ ይረሳል እንዴ? እሱ ሲታጠብ ስልኩን ከፍቼ ቀኖቹን አየሁ። ሁለቱንም ወር በስድስተኛው ቀን ብቻ ምንም አልመዘገበም፤ ዳቦ እንኳ።

ለሱቅ ጎረቤቴ ለሄራን ነገርኳት።

«በስድስት የምትጠብቀው አለች በያ!» አለችኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ተከተይው!»

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ሸሚዙን አሸትታለሁ፤ አፈር አፈር ይላል። ፈገግ ሲል እጠረጥራለሁ፣ ዝም ሲል እጠረጥራለሁ። የባሰ የሚያናድደው ደግሞ እየጠረጠርኩት መውደዴ ነው።

በሦስተኛው ወር፣ በስድስት፣ ማለዳ «ቶሎ መግባት አለብኝ» ብሎ ወጣ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላው ወጣሁ። ዳቦ ቤት ገባ። ከረጢት ሙሉ ዳቦ ተሸክሞ ወጣ። በቃ፣ ልጆች አሉት! ያውም ስንት?

ወደ ቁስቋም ዳገቱን ተያያዘው። በስድስት ቁስቋም ማርያም መሆኗን የማያውቅ የጉለሌ ልጅ የለም፤ ቅናት ግን ይህን አስረሳኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ድንገት ዞር አለ። መደበቂያ አጣሁ! ነዳያን በበሩ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በሁለት እናቶች መካከል ቁጭ ብዬ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

«ተጠጊ ልጄ» ብለው አንደኛዋ ቦታ ለቀቁልኝ።

ለታ ከረጢቱን ከፈተ። ከዳር ጀምሮ ዳቦ እያደለ መጣ... እኔ ጋ ደረሰ። እጄን ካልዘረጋሁ ይነቃብኛል። አቀርቅሬ ዘረጋሁ።

«እንኳን አደረሰዎ፣ እማማ» ብሎ ዳቦውን መዳፌ ላይ አኖረው። ከዚያ ቀለበቴን አየ።

«ሰምሀል?!»

ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አወረድኩ።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አምስት መቶ ብሬን ፍለጋ!» አልኩት፣ እንባዬ ቀድሞኝ።

«ባልሽ ነው እንዴ?» አሉ እናትየዋ። «ተባረኪ! በየወሩ አይቀርም እኮ።»

ግቢው ውስጥ ጽድ ሥር ተቀመጥን።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ስለት ነው ሰሚዬ። ለማርያም የሰጠሁትን ከሽንኩርት በታች ልመዝግበው? አልሆነልኝም፣ በቃ።»

«ምን ብለህ ተስለህ?»

መሬት መሬት አየ። «ያቺ መልሷን የምትቆጥር ልጅ እሺ ካለችኝ፣ አብራኝ እስካለች ድረስ በየወሩ ዳቦ አመጣለሁ ብዬ።»

ዳቦው እጄ ላይ አልቀዘቀዘም። አፈርኩ። ከዚያ በላይ መደበቅ አቃተኝ።

«ለታ... ሌባዋ እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«ሽንኩርት በሰማንያ ገዝቼ መቶ አሥር ብዬ እጽፋለሁ። ዘይቱንም፣ በርበሬውንም። ትርፉ ፍራሹ ሥር ነው። ጥለኸኝ ብትሄድ ብዬ...»

«አውቃለሁ።»

«ምን?!»

«ሽንኩርት እኮ እኔም እገዛለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ስታምኚኝ ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የኔ ደብተር ሁለቱንም ወር አንድ ብር አልጎደለም ነበር፤ ውሸቴን ሁሉ አስተካክዬ ደምሬዋለሁ።

«ብሩን ልመልስልህ?» አልኩት።

«አስቀምጪው። ጥዬሽ ከሄድኩ ይጠቅምሻል። ካልሄድኩ ዳቦ ይሆናል።»

ደብተሩ የቤታችን ደንብ ሆነ። ሽንኩርት በእውነተኛ ዋጋው ይጻፋል። በየወሩ መጀመሪያ መስመር ላይ ግን ለእያንዳንዳችን አምስት መቶ ብር አለ፤ ጎኑ ላይ «አይጠየቅም» ብለን ጽፈናል። ፍራሹ ሥር የነበረው ካለቀ ዓመት አለፈው፤ የቁስቋም እናቶች በልተውታል።

አሁን በስድስት ከረጢቱን በሁለት ጫፍ ይዘን ዳገቱን እንወጣለን። ትናንት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ለታ መልሱን ተቀብሎ ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«አትቆጥሪውም?» አለኝ እየሳቀ።

«አውቅህ የለ!» አልኩትና ከረጢቱን በኔ በኩል አነሳሁ።