ሳይሞቅ የሚታይ ሞተር

የክንዴ አስከሬን ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ በአሮጌዋ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አፍንጫ ሥር ተጋድሟል። ማጅራቱ ላይ አንዲት ጠባብ ቁስል ትታያለች። ኢንስፔክተር ካሳነሽ ከእንጅባራ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፦ አውሮፕላኗን ለሕመምተኞች ማመላለሻ ሊገዛ ያሰበው ባለሀብት ይኸነው፣ የሻጩ ደላላና አብራሪ ፀጋው፣ ይኸነው ሞተሩን እንዲመረምርለት የቀጠረው የሟቹ ባለሙያ ሚስት ሕይወት።

«አደጋ ነው» አለ ፀጋው። «ማልጄ ሞተሩን አስነስቼ፣ አሙቄ ጠበቅሁት። መጥቶ ሲያይ ቆየና ሳይጠነቀቅ ፕሮፔለሩን ተጠጋ።»

«ክንዴ ሳይጠነቀቅ?» ሕይወት አላለቀሰችም። «ኢንስፔክተር፣ ይህችን ቃል እንዳይጽፏት።»

ካሳነሽ ወደ ይኸነው ዞረች። «ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ውስጡን ሳላይ አትፈርም እያለ አዘገየኝ። ‹ፈረስ የምገዛ መሰለህ ወይ?› ስለው፣ ‹በፈረስማ አንተም አትሞኝም› ብሎ ሳቀብኝ።» ይኸነው አንገቱን ደፋ።

«አሮጌ ሞተር ሲመረምር መጀመሪያ ምን ይፈታል?» ስትል ካሳነሽ ሕይወትን ጠየቀች።

«የዘይት ማጣሪያውን። ወረቀቱን በምላጭ ቀዶ የብረት ብናኝ ይፈልጋል። ብናኝ ካለ ሞተሩ ራሱን እየበላ ነው ይል ነበር።»

ካሳነሽ ሞተሩን በባለሙያ አስከፈተች፤ የሁሉንም ዕቃ አስፈተሸች። ከዚያ ክንፉ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«በእኛ በአዊ ፈረስ ገዢ ፈረሱን ሳይሞቅ ነው የሚያየው፤ የሞቀ ፈረስ ማነከሱን ይደብቃላ። አሙቀው ከጠበቁት ጥሎ ይሄዳል። ክንዴስ፣ አቶ ይኸነው?»

«ሞተርም እንደዚያው ነው ይል ነበር። ሳልደርስ እንዳታስነሳ ብሎ ለፀጋው በፊቴ ነግሮታል።»

«ታዲያ የሞቀ ሞተር አጠገብ ቆሞ ምን ይሠራል? ቁስሉም የፕሮፔለር አይደለም፤ ፕሮፔለር እንዲህ አይራራም። የማጣሪያውን ክዳን ብናስከፍት ደግሞ ማጣሪያው ቦታው ላይ የለም፤ ክንዴ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ከፍቶታል ማለት ነው። ይህ ሞተር ዛሬ አልተነሳም።»

«ይኸነው አይደል የተጣላው?» አለ ፀጋው።

«ተነሳ ያልኸው ግን አንተ ነህ። የተቀደደው ማጣሪያ፣ ብናኙ እንዳለ፣ ከአንተ ቦርሳ ወጣ። ክንዴ ብናኙን አየ፤ ሽያጩ ሊፈርስ ሆነ። በመፍቻ መታኸው። የተቀደደ ማጣሪያ ተመልሶ አይገባምና ክዳኑን በባዶው ዘጋኸው።»

ፀጋው እጁ በካቴና ሲታሰር ፈገግ አለ። «ለትንሽ ብናኝ! ትበር ነበር እኮ። ነገም ሌላ ገዢ አይጠፋም።»

ሕይወት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ፊት ቆመች።

«ሕመምተኛ ጭኖ የሚያስነሳት ይምጣ» አለች። «እዚሁ ነኝ።»