የላምሆት አባት

«ሰባተኛው ጥያቄ!» አሉ ሽማግሌው ማሩሳሃ፣ አግዳሚውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «እግዚአብሔር ከመቼ ጀምሮ አባት ነው? ሮቱዋ!»

ሮቱዋ ተነሣች። ጥያቄዎቹ ለአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ተከፋፍለዋል፤ ሰባተኛው የእሷ ነው። መልሱም ሽማግሌው በእጃቸው ጽፈው ባባዙት ደብተር ላይ ሰፍሯል፦ «ዓለምን ከፈጠረ ጀምሮ።» ሦስት ቃል ብቻ። ነገ በጉባኤው ፊት እሱን ከመለሰች፣ በነጩ ቀሚሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጌታ እራት ትቀርባለች። አንድ ዓመት ሙሉ የተማረችው ለዚህ ነው።

«ከዚያ በፊትስ?» አለች።

«ምን ከዚያ በፊትስ?»

«ዓለምን ሳይፈጥር ምን ነበር? ወልድ ከመጀመሪያው ከእሱ ጋር ነበረ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፣ አማንግ። ልጁ ሁልጊዜ ካለ እሱም ሁልጊዜ አባት ነው።» በመንደራቸው የራስ አባትም የተከበረ ሽማግሌም «አማንግ»፣ አባቴ ተብሎ ይጠራል።

ጓደኛዋ ዳሜ ከኋላዋ ቀሚሷን ጎተተች። «አንቺ፣ ተቀመጪ! እኔ ርቦኛል።»

ልጆቹ ሳቁ። ማሩሳሃ ግን አልሳቁም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንድሟ የሞተ ጊዜ የሬሳ ሣጥኑን ከፊት ሆነው የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ወጋችንን ታውቂያለሽ። ሰው አባት የሚባለው ልጅ ሲወለድለት ነው። እኔን የቶጋር አባት ያሉኝ ቶጋር ሲወለድ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አባት ብሎ አልጠራኝም።»

«ልጁ ከሞተስ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ታላቅ ወንድሟ ላምሆት በትኩሳት ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሽንኩርቱ ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡና፣ የሟች ስም በየቀኑ ሲጠራ ቁስል ይነካል ብለው የአባቷን መጠሪያ ለወጡ። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ «የላምሆት አባት» ሲባል የኖረ ሰው «የሮቱዋ አባት» ሆነ። ስብሰባውን የመሩት ማሩሳሃ ነበሩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ነገ የተጻፈውን ትያለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አልልም ካልሽ የሚቀጥለውን ዓመት ከትናንሾቹ ጋር ትማሪያለሽ። ቀሚሱም ይጠብቅሻል።»

ወደ ቤት ሲወርዱ ዳሜ ዝም ማለት አልቻለችም። «አካበድሽው እኮ! ሦስት ቃል ናት፣ በያትና ተገላገዪ። አክስቶችሽ በጀልባ እየመጡ፣ እናትሽ ያን የሚያህል ዓሣ በቅመም ዘፍዝፋ… ለመሆኑ የምትከራከሪው ለእግዚአብሔር ነው ለአባትሽ?»

«ለሁለቱም።»

«እሺ፣ ዓሣውን ማን ሊበላው ነው?»

«አንቺ አለሽ አይደል?»

አባቷ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። አንድ ጎረቤት በጀልባ ሲያልፍ ጮክ ብሎ ተጣራ። «የሮቱዋ አባት! ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«አቤት! በሦስት ሰዓት!»

ሮቱዋ ጀልባው እስኪርቅ ጠበቀች። «ለምን አቤት ትላለህ?»

«ሲጠሩኝ ምን ልበል?»

«ያንተ ስም አይደለማ!»

አባቷ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ለእኔ አዝነው ነው። አንቺስ ብትሆኚ ልጄ አይደለሽም? በአንቺ ስም መጠራት ያሳፍረኛል እንዴ?»

«በእሱ ቦታ አስቀመጡኝ እኮ፣ አማንግ። እሱ ያልተወለደ ይመስል።» ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ንገረኝ። ክርስቶስ ሦስት ቀን መቃብር ውስጥ ሲቆይ፣ እግዚአብሔር በእነዚያ ቀናት አባቱ ነበር ወይስ አልነበረም?»

መረቡ ከአባቷ ጉልበት ላይ ተንሸራተተ። እሱ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም፤ የእሱ ሥራ ዓሣ ማጥመድ ነው።

«ባይሆንማ» አለ፣ «ማን ሊያስነሣው ይመጣ ነበር?»

መረቡን በአንድ ጫፍ እሱ፣ በሌላው ጫፍ እሷ ይዘው አጣጠፉት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ተፈታኞቹ ነጫጭ ለብሰው ከፊት ተደረደሩ። ማሩሳሃ ትልቁን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ስሙንና የማን ልጅ እንደሆነ ተናግሮ፣ እሳቸው ከጻፉ በኋላ ጥያቄው ይጠየቃል። ስድስቱ ልጆች እንደ ውሃ ጠጥተውት አለፉ።

«ስም?»

«ሮቱዋ።»

«የማን ልጅ?» ብዕራቸው መልሱን ሳይጠብቅ ወረቀቱ ላይ አርፏል።

«የላምሆት አባት ልጅ።» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

ከኋላ፣ ከወንዶቹ መካከል፣ አንድ ሰው በልማድ «አቤት!» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አባቷ ሳያስበው ብድግ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል። አንዱ ዘመድ እጁን ይዞ ሊያስቀምጠው ሞከረ። አልተቀመጠም።

ማሩሳሃ ብዕራቸውን አነሡ። ከመነጽራቸው በላይ ሰውየውን አዩት፤ ከዚያ አጎንብሰው ጻፉ። ምን እንደጻፉ ሮቱዋ ከቆመችበት አልታያትም።

«ሰባተኛው ጥያቄ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እግዚአብሔር… ከመቼ ጀምሮ አባት ነው?»

ሮቱዋ ደብተሯን ከደነችና ወደ ጎን ለዳሜ አቀበለቻት።

«ያዢልኝ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ቀና ብላ በደብተሩ ያልተጻፈውን መልስ መመለስ ጀመረች።