«የለም» ተብሎ የተሞላው ቅጽ

ሔርሜላና ቶማ የተዋወቁት ከሻንቶ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ያን ቀን የተጠቀለለ የአፍሪካ ካርታ በብብቷ ይዛ ነበር። እሱ አጠገቧ ተጣቦ ተቀምጦ ጥቂት ከታገሠ በኋላ፣ «እህቴ፣ አፍሪካ ጎኔን እየወጋችኝ ነው» አላት።

ሶዶ እስኪደርሱ ሳቋን ማቆም አልቻለችም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቀለበት አሰሩ። ቶማ መናኸሪያው አካባቢ ኮምፒዩተር ይጠግናል፣ ሰነድ ያትማል። ድግሱን አነስ አድርገው ለጫጉላቸው አሥራ ሁለት ቀን ታይላንድ ሊሄዱ ተስማሙ። ዘመድ አጉረመረመ። ሔርሜላ ግን ስምንት ዓመት ውቅያኖስን በጠመኔ ስትስል ኖራለችና አንዴ እግሯን ልትነክርበት ቆርጣ ነበር።

ዝግጅቱን የያዘችው እሷ ናት። የፓስፖርቶቹን ቅጂ በየሻንጣው ከተተች። የሆቴሉን አድራሻ በወረቀት ጻፈች፤ «ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅበትም» ትላለች። የጉዞ መድኑን ቅጽ ለቶማ ሰጠችው። «ነባር ሕመም አለብዎት?» ከሚለው ፊት «የለም» ብሎ ሞልቶ መለሰላት።

ጉዞው ወር ሲቀረው የቢጫ ወባ ክትባት ሊወስዱ ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ምሳ ሰዓት አለፈ። ተራቸው ደርሶ ሁለቱም ተወግተው ሊወጡ ሲሉ ቶማ ግድግዳውን ተደገፈ። ላብ አጠመቀው። የሚናገረው እርስ በርሱ ተምታታ።

«ቶማ! ምን ሆንክ?»

ክትባቱን የሰጠቻቸው ነርስ፣ ሲስተር ህብረት፣ ሮጣ መጣች። «ክትባቱ ይሆን? የሚታከምለት ሕመም አለ? የሚወስደው መድኃኒትስ?»

«ምንም የለበትም!» አለች ሔርሜላ።

«እርግጠኛ ነሽ? ስኳር?»

«እጮኛው ነኝ እኮ! ቢኖርበት አውቅ ነበር!»

ሲስተር ህብረት የቶማን እጅ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ጥቃቅን የመርፌ ነጥቦች ነበሩ። የጃኬቱን ኪስ ፈተሸች። በመሐረብ የተጠቀለለ ሲሪንጅና ትንሽ ብልቃጥ አወጣች።

«ኢንሱሊን ነው» አለች፣ ስኳር በውኃ እየበጠበጠች። «ስኳሩ ወርዶበታል።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የቶማ ዓይን ጠራ። መጀመሪያ ያየው የሔርሜላን ፊት ነው። እንዲህ ያለ ፊት አይቶባት አያውቅም።

ግቢው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ «ከታመምክ ስንት ዓመትህ ነው?» አለችው።

«ስድስት።»

«ስድስት!»

«ሔርሚ፣ ሕመሙን ስታውቂ…»

«ሕመሙ አይደለም ያናደደኝ! ‹ምንም የለበትም› ብዬ መሰከርኩብህ እኮ! እዚያ ሰው አገር ብትወድቅስ? ቋንቋውን የማላውቀው ሐኪም ፊት ቆሜ ይህንኑ ውሸት በሙሉ ልቤ እናገር ነበር። በእኔ አፍ ልትሞት ነበር፣ ቶማ!»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን? እኔን?»

ቶማ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ይህም ከቃል ሁሉ ባሰባት። ቀለበቱን ከጣቷ አላወጣችም፤ እጇን ጨብጣ ሄደች እንጂ። «ሰርጉም ጉዞውም ይቅር!» ያለችው ከበሩ ላይ ሆና ነው።

በማግስቱ ሻንቶ ወረደች። የቶማ እናት ወይዘሮ አልጋነሽ ደጃፋቸው ላይ ሊቀቅሉት የቦዬ ሥር እየላጡ ነበር።

«ያውቁ ነበር፣ እማማ?»

«አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በፊት የታጨችለት ልጅ ነበረች። በነገራት በሳምንቱ ቀለበቱን በሰው እጅ ላከችለት። ልጄ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም። ያንን ደግሜ ማየት አልቻልኩም።»

«እሷ ለሄደችው እኔ ለምን እቀጣለሁ?» ሔርሜላ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁለት ዓመት ከማዕዳችሁ በልቻለሁ። እማማ ብዬ ጠርቼዎታለሁ። እናንተ ግን እኔን ስታዩ የምታዩት እሷን ነበር!»

ወይዘሮ አልጋነሽ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ሔርሜላና ቶማ አሥራ አንድ ቀን አልተነጋገሩም። እሱ አልደወለም፤ እሷም ባለመደወሉ ይበልጥ ተናደደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቶማ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ተማሪዎቹ ወጥተው ክፍሉ ባዶ ነበር። አንድ ክላሰር ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ውስጡ የሐኪም ደብዳቤና አዲስ የመድን ቅጽ ነበር። በዚያ ጥያቄ ፊት «አለ» ተብሎ ተጽፏል።

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስኳር እንዳለብኝ ተናገርኩ» አላት። «መዘምራኑም ሰሙ፣ ደንበኞቼም ሰሙ። እንድትመለሺልኝ ብዬ አይደለም። መደበቅ ሰልችቶኝ ነው።»

ሔርሜላ ደብዳቤውን አነበበች። ቅንድቧ ተቋጠረ።

«መድኃኒቱን የት ልታደርገው ነበር?»

«በሚጫነው ሻንጣ… ሰው እንዳያየው።»

«እዚያ ቅዝቃዜ ያበላሸዋል! ሻንጣውስ ቢጠፋ? በእጅ ነው የሚያዘው! ግማሹ ባንተ ቦርሳ፣ ግማሹ በእኔ…»

ያለችውን ራሷ ሰማችው። እሱም ሰማ።

«ባንቺ ቦርሳ?» አለ በቀስታ።

«ዝም በል። አሁንም ተናድጃለሁ።»

ወደ ሰሌዳው ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። «የታይላንድ ሰዓት ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል። ጠዋት የምትወጋው ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት።»

ጻፈች። ጠመኔው በጣቷ መሃል ተሰበረ፤ በስባሪው ቀጠለች። «ሰዓቱን እንዴት እንደምናሸጋሽግ ሐኪምህን እንጠይቃለን። ነገ፣ አብረን። ስኳርህ ሲወርድ መጀመሪያ ምን ይሰማሃል?»

«እጄ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እነጫነጫለሁ።»

«ያን ሁሉ ቀን የተነጫነጭክብኝ…» ዞራ አየችው። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «እኔ ጥፋቴ ምን ይሆን እያልኩ አድር ነበር፣ ቶማ።»

ቶማ አንገቱን ደፋ።

በሐምሌ ዝናብ ተጋቡ። ወይዘሮ አልጋነሽ በሰው ሁሉ ፊት ሙሽራዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ ሔርሜላ አቅፋ ሳመቻቸው። ለቶማ ግን፣ «አንተን ገና ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን የምንቀመጥበት በረራ አለ። ሁሉንም ትነግረኛለህ።»

ነገራት። ሕመሙ የተገኘበትን ቀን፣ ቤት ዘግቶ የተቀመጠበትን ወር፣ ቀለበቱን የላከችውን ልጅ ስም። እሷ እየጠየቀች፣ እየተቆጣች፣ አንዳንዴም ፊቷን ወደ መስኮቱ እያዞረች ሰማችው። «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው በእናቱም በማንም አላመካኘም። «ፈሪ ስለነበርኩ» አለ።

አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ቁጣዋ ገና አልበረደም ነበር። እጁን ግን ይዛዋለች፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሻንጣውን ማውረድ ሲጀምርም አልለቀቀችውም።