በመግለጫው ያልተጻፈው ቀለበት

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው የፈጠራ መብት (የፓተንት) ጠበቃ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነበሩ። ውጭው ዝናብና ብርድ ስለሆነ መስኮቶቹ ግጥም ብለው ተዘግተዋል። እግራቸው አጠገብ ጋዙን ጨርሶ የጠፋ ትንሽ ማሞቂያ ቆሟል። ሐኪሙ ፊታቸውን አየት አድርጎ፣ «የታፈነ እሳት መርዝ ነው። እንቅልፍ የያዛቸው ነው የመሰላቸው» አለ።

የማሞቂያው ፈጣሪ፣ ጎልማሳ በያጅ፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቁጢጥ ብሎ ያለቅሳል። ማሞቂያውን የፈለሰፈው የክፍሉ አየር ሲከፋ በራሱ እንዲጠፋ ነበር። ሳይጠፋ ቀርቶ ሰው ገደለ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የመርማሪዋ አለቃም «በያጁን ይዘሽ ቶሎ ነይ» ብሏታል። ችግሩ እሷ ቶሎ የምትጨርስ ሴት አለመሆኗ ነው። ባልደረቦቿ «እመት ለምን» የሚሏት ወደው አልነበረም።

ማሞቂያውን ገልብጣ አየችው። ብየዳው እዚህም እዚያም ጓጉሏል። ቀጥላ የሟቹን እጅ አነሳች። አውራ ጣታቸው ላይ ገና ያልደረቀ የቃጠሎ ቁስል አለ።

«ይህን የበየድከው አንተ ነህ?» አለችው በያጁን።

እንባውን በክንዱ ጠረገና አየው። «እንዲህ ብበይድ ማን ሥራ ይሰጠኛል፣ እትዬ? የኔው ለናሙና ብዬ ያመጣሁት ነው፤ ያው ቁም ሣጥኑ ውስጥ።»

ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። እውነትም ስፌቱ እንኳ የማይታይ ሌላ ማሞቂያ ተቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ስትመረምር ቆየችና ጎን ባለው ክፍል ወደተቀመጡት የሟቹ ሚስት ሄደች።

«እትዬ፣ ጋሼ ብየዳ ይሞክሩ ነበር እንዴ?»

«መሞከር ብቻ!» አሉ ሴትዮዋ። «አንድን ፈጠራ ጽሑፉን ብቻ እያነበበ በገዛ እጁ ሳይሠራው ማመልከቻ አያስገባም። በሙያው ስሙ የወጣው በዚያ ነው። ‹መንግሥት ብቸኛ መብት የሚሰጠው ፈጣሪው ሳይደብቅ እንዲጽፍ ነው፤ ሌላ ሰው አንብቦ መሥራት ካልቻለ ፈጣሪው ዋሽቷል› ይላል። ቤቴ ውስጥ ስንት የማይቆም ወንበር አለ መሰለሽ!» ሳቅ አሉና ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነባቸው።

«ሰሞኑን ከሰው ተጋጭተው ነበር?»

«ከሸሪኩ ጋር። የበያጁን ተፎካካሪ፣ የማሞቂያ ፋብሪካውን፣ በጎን ሲያማክር ደረሰበት። ‹ለጠበቆች ማኅበር አሳውቃለሁ፣ ፈቃድህን ይነጥቁሃል› ብሎት ነበር።»

ሸሪክየውን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ሰፈሩ ሁሉ «ባለ ሁለት ሹራቡ» ይለዋል፤ ብርድ እንደ እሱ የሚፈራ ሰው የለም። ኮሪደሩ ከውጭ አይሻልም ነበርና መርማሪዋ ራሷ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«ጋሼ ማሞቂያውን ሲያቀጣጥሉ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ስሠራ ነበር። ለምሳ ልጠራቸው ስገባ ነው ያየኋቸው።»

«ሁልጊዜ ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል አይደል የሚሠሩት?»

«ሐሳባቸውን እንዳልበትን ብዬ ወጣሁ» አለና የላይኛውን ሹራብ እስከ አገጩ ቆለፈ።

መርማሪዋ የበያጁን ማሞቂያ መጋዘን ውስጥ አቀጣጥላ በሩን በጨርቅ ደፈነች፤ እሷም በበሩ መስታወት ትመለከት ጀመር። እሳቱ ቆይቶ በራሱ ድርግም አለ። ያን ጊዜ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ በያጁን አስፈታለሁ ብላ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ሲመጣ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የገደላቸው ይህ ሰው የሠራው ማሞቂያ አይደለም» አለች። «የእሱ ይጠፋል፤ አይቼዋለሁ። የገደላቸው ራሳቸው ጽሑፉን እያነበቡ የሠሩት ነው። የተቃጠለው ጣታቸውና የጓጎለው ብየዳ ይመሰክራል። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። በያጁ ማሞቂያ ውስጥ አየሩ ሲከፋ እሳቱን የሚያንቅ የመዳብ ቀለበት አለ። ጠረጴዛቸው ላይ ባነበብኩት የፈጠራው መግለጫ ግን አልተጻፈም። ለምን ተውከው?»

በያጁ አንገቱን ደፋ። «እሳቸው ናቸው የመከሩኝ» አለ ወደ ሸሪክየው እያመለከተ። «‹ሁሉንም ከጻፍክ ይሰርቁሃል፤ አንዷን ነገር ለራስህ ያዛት› አሉኝ። ጋሼ አንብበው እንደሚሠሩት አላውቅም ነበር።»

«ሸሪካቸው ግን ያውቁ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ቀለበቱ እንደጎደለ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌው እንደሚሞክሩት ጭምር የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ያ ሰው ብርድ አይወድም። ዛሬ በዚህ ሕንፃ እሳት የነደደው እዚህ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ግን ወንበሩን ይዞ በረዶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ሞታቸውን እየጠበቀ ነበር።»

ሴትዮዋ ጩኸታቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። ባለ ሁለት ሹራቡ ቃል አልተነፈሰም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ጠበቃ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

የተናገረው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ ድምፁም የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር። «እኔም አምንሻለሁ። ግን ኮሪደር ላይ መቀመጥ በየትኛው አንቀጽ ነው ወንጀል? ‹ምስጢርህን ጠብቅ› ያላለ ጠበቃስ አለ? ልቡን ከፍተን አናሳይ። ቀለበቱን አውቆ የደበቀው ማነው? መግለጫው ሙሉ ነው ብሎ የፈረመውስ?»

መርማሪዋ ያደረገችው ነገር ያን ጊዜ ገባት። እስከ አሁን በያጁ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ የተበላሸ ዕቃ፣ ያልታሰበ አደጋ ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። አሁን አውቆ እንደደበቀ በሰው ሁሉ ፊት ተናዘዘ፤ ያናዘዘችውም እሷ ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሌላ አንቀጽ፣ ሌላ መንገድ ካለ ብላ ደጋግማ ለመነችው። ዐቃቤ ሕጉ ግን ራሱን በእምቢታ ወዘወዘ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

በያጁ ስለ አንቀጹ የሰማ አይመስልም። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ ቀለበቱን ብጽፈው ኖሮ ጋሼ አይሞቱም ነበር?»

ሴትዮዋ «ተይው» በሚል ዓይን አዩዋት። እሷም ልትዋሽለት አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን አልመጣላትም።

«አይሞቱም ነበር» አለችው።

ልክ ነው እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀና ሁለት እጆቹን አጣምሮ ለፖሊሶቹ ዘረጋ።