አሮጌው አድራሻ

የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት ጋሽ ሳህሉ ቢሯቸው ውስጥ ኪቦርዱ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ሲገኙ፣ ከአጥሩ ውጭ ቡራዩ ጎማ እየነደደባት፣ ጥይት እየተንጣጣባት ነበር። መውጫ የለም፤ መንገዱ ከላይም ከታችም በድንጋይ ተዘግቷል። ሬሳውም፣ ገዳዩም፣ የቀሩትም አንድ ግቢ ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀረ።

ዋና ሳጅን ኤቢሴ እዚያ የተገኘችው በክፉ ዕድሏ ነው። ሰንዳፋ የወንጀል ምርመራ የምታስተምር ሴት፣ መናገሻ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ታክሲው መሀል መንገድ ላይ አውርዷት፣ ማደሪያ ስታጣ እዚህ ግቢ ገባች። ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን አገሩ ሁሉ በሚታመስበት ሰሞን ፖሊስ ነኝ ማለት አያዋጣም፤ ሻሿን አጥብቃ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ሬሳው ሲገኝ ግን መታወቂያዋን አወጣች። ምን ታድርግ፣ አያስችላትም።

ሥራ አስኪያጁ ካሳሁን ቀድሟት ሰው አስሮ ጠበቃት። የታሰረው ዲሪርሳ ነው፤ ብሎኬት የሚያመርት ወጣት። ግቢው ድሮ የቤተሰቡ እርሻ ነበር፤ አባቱ ኦቦ ነገሳ ዛሬ በገዛ መሬታቸው ላይ ዘበኛ ናቸው።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ሳጅን» አለ ካሳሁን። «ሻይ ላድርስ ብሎ ገባ፤ በር ማስደገፊያውን ብረት አንስቶ ከኋላ መታቸው። መሬታችን ይመለስ የሚሉት እነሱ አይደሉም እንዴ? ፓትሮሉ መንገዱን ሲከፍት እናስረክበዋለን።»

በዚያ ሰሞን ፓትሮል የወሰደው ልጅ የት እንደገባ ተጠይቆ አይታወቅም። ስልክ ተቋርጧል፤ ኤቢሴ አለቆቿን ማግኘት አትችልም። እውነቱ ከተገኘ መገኘት ያለበት መንገዱ ሳይከፈት ነው።

ኦቦ ነገሳን ለብቻ ጠራቻቸው። ጥይቱን ሸሽተው ከጸሐፊዋ ከገለቴ ጋር፣ ከጋሽ ሳህሉ ቢሮ በር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የዋሉት።

«አንቱ እያዩ ማን ማን ገባ?»

ሽማግሌው ከሩቅ ወደታሰረው ልጃቸው አዩ። «ካሳሁን ገብቶ ወጣ። ቀጥሎ ልጄ ገባ። ሌላ ሰው አልገባም።»

«ይህ ቃል ልጅዎን እንደሚጎዳው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ዋቃ እያየኝ አልዋሽም። ግን ልጄ ለምን ይገድላቸዋል? የጓሮውን መሬት እመልስላችኋለሁ ብለውን ነበር እኮ።»

ገለቴም ያንኑ ቃል ሰጠች። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ሌላ መግቢያ የለም። እንግዲህ ካሳሁን ሲወጣ ጋሽ ሳህሉ በሕይወት ከነበሩ ገዳዩ ልጁ ነው፤ ካልነበሩ ደግሞ ካሳሁን። ነገሩ ሁሉ በካሳሁን ቃል ላይ ቆመ።

«ስትወጣ ደህና ነበሩ?» አለችው።

«በጣም ደህና። ኮምፒውተራቸው ላይ ዜና እያነበቡልኝ ነበር። አሸዋ ሜዳ ላይ ሽማግሌ ለእርቅ ገብቷል፣ መንገዱ ሊከፈት ነው የሚል። ደስ ብሏቸው ሲስቁ ትቻቸው ወጣሁ።»

ዜናውን ማን ጠየቀህ፣ አለች በልቧ። ወደ ዲሪርሳ ሄዳ ገመዱን ፈታችለት። የቀኝ እጁ አንጓ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ትናንት የብሎኬት ቅርጽ ማውጫው እጄ ላይ ወደቀብኝ። ሻዩንም በግራዬ ነው ይዤ የገባሁት። ስገባ ተደፍተው አገኘኋቸው፤ የጮኽኩትም እኔ ነኝ።»

የበር ማስደገፊያውን ብረት ራሷ ልታነሳው ሞከረች፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። «ለማስመሰል ያሳበጠው ይሆናል» አለ ካሳሁን ከኋላዋ። ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ መሰማት ጀመረ።

ሬሳው ተነስቶ ተሸፍኗል። የሳቸው ኪቦርድ በደም ስለራሰ ኤቢሴ የገለቴን አምጥታ ከጋሽ ሳህሉ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችና ብዙ ጎረጎረች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ገለቴ፣ ጋሽ ሳህሉ ስለ ኢንተርኔቱ ምን ብለው ነበር?»

«ሰኞ መስመሩ ከተቀየረ ወዲህ አልሠራ ብሏቸው ነበር። የሞባይሉም ተዘግቷል፤ መንግሥት ቆርጦት ነው ብለው ተዉት።»

«ያንቺስ?»

ገለቴ አንገቷን ደፋች። «የኔ ይሠራል። በድብቅ ዜና ስለማይ አልነገርኳቸውም።»

«እዩ እንግዲህ» አለች ኤቢሴ። «ይኼ ማሽን የገጽ ስም ስጽፍለት ዝም ይላል። በቁጥር አድራሻ ስሞክረው መለሰ። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ቡራዩ ላይ ቤት ስትፈልጉ የሰፈሩን ባለሱቅ ትጠይቁ የለ? ኮምፒውተርም ስሙን ይዞ አድራሻውን የሚጠይቀው አለው፤ ዲኤንኤስ ይሉታል። የገለቴ ማሽን ማንን እንደሚጠይቅ ከአዲሱ መስመር በራሱ ይቀበላል። በዚህኛው ላይ ግን ድሮ በእጅ የተሞላ አሮጌ ቁጥር አለ፤ እዚያ ዛሬ መልስ የሚሰጥ የለም። እኔም ሰንዳፋ ቢሮዬ እንዲህ ሆኖብኝ ኔትወርክ ተቆረጠ እያልኩ ከርሜአለሁ።»

ወደ ካሳሁን ዞረች። «ጋሽ ሳህሉ ከሰኞ ወዲህ እዚህ ላይ አንድ ዜና አላነበቡም። ማሽኑ ውስጥም የተከፈተ ገጽ የለም። የአሸዋ ሜዳውን ዜና የት አየኸው?»

«እኔ ማሽን ላይ» አለች ገለቴ በቀስታ። «ወደ ጋሼ ሲገባ ከፍቼው ነበር። በላዬ ቆሞ አነበበው።»

«ያንቺ ሲሠራ አየና የሳቸውም የሚሠራ መሰለው። ልጁ ያን ብረት በአንድ እጁ አያነሳም። ጋሽ ሳህሉ ደህና ነበሩ ያልክ አንተ ብቻ ነህ፣ ካሳሁን፤ ማስረጃህም ያልተነበበ ዜና ነው። ጥይት ሲተኮስ ጠብቀህ ነው የመታሃቸው፤ ማንም አልሰማም።»

ካሳሁን ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጋሽ ሳህሉ መሬቱን ለነሱ እመልሳለሁ አለኝ» አለ። «ፕላኑ ሲገባ ከተማ የሚሆነውን መሬት። እኔ ለትልልቅ ሰዎች ላስተላልፈው ቃል ገብቼበታለሁ። ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

ኤቢሴ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። አሮጌውን ቁጥር አጠፋችና ማሽኑ አድራሻውን በራሱ እንዲቀበል አደረገችው። ገጹ ተከፈተ። ገለቴ ጠጋ ብላ አነበበች።

«ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ይላል። ዛሬ ከሰዓት ነው የወጣው።»

«ድገሚው» አለ ካሳሁን።

ደገመችለት። አሁንም ድገሚው አላት፤ ሁለተኛ ግን አላነበበችለትም።

የግቢው በር በሰደፍ ተደበደበ። ኦቦ ነገሳ ከፈቱ። የፓትሮሉ አዛዥ ገብቶ ሬሳውን አየና ማንንም ሳይጠይቅ ዓይኑን ዲሪርሳ ላይ ተከለ። ኤቢሴ ሻሿን አውልቃ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ ሰክታ በመሀላቸው ቆመች።

«እሱ ምስክሬ ነው» አለች። «ከኔ ጋር ነው የሚሄደው። የምትይዘው ያንን የተቀመጠውን ነው።»

አዛዡ መታወቂያውን አገላብጦ አየና ወደ ካሳሁን ሄደ። ቀኑን ሙሉ እንባ ያልወጣቸው ኦቦ ነገሳ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» ብለው የልጃቸውን ደህናውን እጅ ያዙና አለቀሱ።